በመጨረሻዎቹ ዙሮች የተመረጠን የሆኪ ተከላካይ እንዴት ይመዝናሉ?

ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ፣ ኤድመንተን ወይም ሚኒያፖሊስ አካባቢ የሚኖሩ የአይስ ሆኪ ወዳጅ ከሆኑ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣብዎታል። የኤንኤችኤል ድራፍት ተካሂዶ የአንደኛው ዙር ልጆች በቴሌቪዥን ሲታዩ ይሰነብታሉ። የእርስዎ ቡድን ግን በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዙር ስሙን ሰምተው የማያውቁት የ18 ዓመት ተከላካይ ወስዷል። የሥራ ባልደረባዎ «ይሄ ልጅ እንዴት ነው?» ይልዎታል። ከሌላ ሰው ዝርዝር ቀድተው ከመመለስ ራስዎ አይተው መፍረድ ይችላሉ፤ መንገዱ ከዚህ በታች በዘጠኝ ደረጃዎች ቀርቧል።

ድራፍቱ ሰባት ዙር ነው። ሊጉ 32 ቡድኖች ስላሉት 224 ያህል ልጆች ይመረጣሉ፤ አራተኛው ዙር የሚጀምረው ከ97ኛው ምርጫ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመረጡት አብዛኞቹ ኤንኤችኤል ውስጥ ቋሚ ቦታ አያገኙም። ስለዚህ «ጎበዝ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ መነሣት ብዙ አያስኬድም፤ ድራፍት የደረሰ ሁሉ ጎበዝ ነው፣ በመጨረሻ ዙር የተወሰደ ሁሉ ደግሞ የሚታወቅ ጉድለት አለበት። የሚያዋጣው ጥያቄ «ለምን እስከዚህ ድረስ ሳይመረጥ ቆየ? ምክንያቱስ በጊዜና በሥልጠና ይስተካከላል?» የሚለው ነው። ደረጃዎቹ ሁሉ የሚያመሩት ወደዚህ ነው።

የሚያስፈልግዎ ጥቂት ነገር ነው፦ የልጁ ሦስት ሙሉ ጨዋታዎች፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ የትውልድ ቀኑንና የጨዋታ መዝገቡን የሚያሳይ እንደ ኢሊት ፕሮስፔክትስ ያለ ድረ ገጽ፣ ትንሽ ትዕግሥት። እዚህ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የልጁን መነሻ መረጃ ይመዝግቡ

ቪዲዮ ከመክፈትዎ በፊት አንድ ገጽ ላይ አምስት ነገር ይጻፉ፦ የተወለደበት ቀን፣ የሚጫወትበት ሊግ፣ ዱላውን የሚይዝበት እጅ፣ በቡድኑ ውስጥ ያለው ቦታና አብሮት የሚሰለፈው ተከላካይ።

የትውልድ ቀኑ ቀላል ነገር አይደለም። ለድራፍት ለመቅረብ ልጁ እስከዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት መሙላት አለበት። በዚህ ምክንያት ሴፕቴምበር 15 የተወለደ ልጅና ከእሱ በፊት በነበረው ዓመት ሴፕቴምበር 16 የተወለደ ልጅ በአንድ ድራፍት ይቀርባሉ፤ በመካከላቸው ግን አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ማለት ብዙ ኪሎ ጡንቻና ብዙ ጨዋታ ነው። ተመሳሳይ ነጥብ ካስመዘገቡ ታናሹ የተሻለ ተስፋ አለው።

አንድ ወይም ሁለት ድራፍት አልፎት ኋላ የተመረጠም ይኖራል። ማኬንዚ ዊገር በ2012 ማንም ሳይመርጠው ቀርቶ በ2013 በሰባተኛው ዙር፣ በ206ኛነት በፍሎሪዳ ተወሰደ፤ ኤንኤችኤል ውስጥ ብዙ ደቂቃ የሚጫወት ተከላካይም ሆነ። እንዲህ ያለውን ልጅ «ቀድሞ ስላልተመረጠ አይረባም» ብለው አይጣሉት፤ ነጥቡንም ከ17 ዓመት ልጅ ነጥብ ጋር አያወዳድሩ። ሁለቱም የተለመዱ ስሕተቶች ናቸው።

እጁም ይቆጠራል። አሠልጣኞች በቀኝ መስመር ቀኝ እጅ፣ በግራ መስመር ግራ እጅ ተከላካይ ማሰለፍ ይመርጣሉ፤ በግድግዳው ጥግ የሚመጣውን ፐክ በዱላው የፊት ገጽ ለመቀበል ያመቻልና። ቀኝ እጅ ተከላካዮች ቁጥራቸው አነስተኛ ስለሆነ በሩ ትንሽ ሰፋ ይልላቸዋል።

2. ለምን እንደዘገየ ይለዩ

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፦ ቁመና፣ እግር፣ አለመታየት፣ ወይም የጨዋታ ንባብ። የአራቱ ክብደት ግን እኩል አይደለም።

አለመታየት ቀላሉ ነው። ልጁ ተጎድቶ የውድድር ዓመቱን ግማሽ አልተጫወተም ይሆናል፤ ወይም ከሱ በሚበልጡ ተከላካዮች ተሸፍኖ ደቂቃ አላገኘም፤ ወይም መልማዮች ብዙ በማይመላለሱበት ሊግ ውስጥ ነው። ይህ የልጁ ጉድለት ሳይሆን የመረጃ እጥረት ነው፤ ለእርስዎም ትልቁ ዕድል እዚህ ላይ ነው።

የቁመና ማነስ ከባድ የሚሆነው እግርና ንባብ ካላገዙት ነው። ጃሬድ ስፐርጀን በ2008 በስድስተኛው ዙር በ156ኛነት በኒው ዮርክ አይላንደርስ ተመረጠ፤ ቁመቱ 175 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመረጠው ቡድን ሳያስፈርመው ቀረ። ሚኒሶታ ወሰደው፤ በ2021 የቡድኑ አምበል ሆነ። ይህን ምሳሌ ይዘው ግን አጭር ልጅ ሁሉ ስፐርጀን ይሆናል አይበሉ። እሱን ያዋጣው ፐኩ የት እንደሚሄድ ቀድሞ ማወቁ ነው።

የእግር ጉድለት በከፊል ይታረማል፤ ጉልበትና ፍጥነት በሥልጠና ይጨምራሉ። ለመታረም አስቸጋሪው የጨዋታ ንባብ ነው። በ18 ዓመቱ ከኋላው ማን እንደሚመጣ የማያይ ልጅ በ22 ዓመቱም ላያይ ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱን ለይተው ይጻፉና ቀጥሎ በሚያዩት ጨዋታ ይፈትኑት።

3. የሚያዩትን ጨዋታ ይምረጡ

የግብና የምርጥ ቅጽበቶች ቅንብር ቪዲዮ አይበቃም። ተከላካይ በአብዛኛው የሚመዘነው ምንም ሳይፈጠር ባለፈው ሥራው ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም አቀናባሪ ቆርጦ አያስቀምጥም። ቢያንስ ሦስት ሙሉ ጨዋታዎች ይዩ፦ አንዱ ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር፣ አንዱ ከሜዳው ውጭ፣ አንዱ ቡድኑ የተሸነፈበት።

የቴሌቪዥን ካሜራ ፐኩን ስለሚከተል ልጁ ብዙ ጊዜ ከምስሉ ይወጣል። ከተቻለ ስታዲየም ይሂዱ። ካልጋሪ ላይ ሂትመን፣ ኤድመንተን ላይ ኦይል ኪንግስ፣ ኦታዋ ላይ ሲክስቲ ሰቨንስ የጁኒየር ቡድኖች ናቸው፤ ቲኬታቸውም ከኤንኤችኤል ቲኬት በእጅጉ ይረክሳል። ከፍ ብለው፣ ከግቡ ጀርባ ወይም ከማዕዘኑ በኩል ይቀመጡ፤ በተከላካዩና በአጥቂው መካከል ያለው ርቀት ከዚያ በደንብ ይታያል። ልጁ በረዶው ላይ ባለበት ጊዜ ዓይንዎን ከሱ አያንሡ፤ ፐኩን ሌላው ተመልካች ይከተልልዎ።

4. እግሩን ይመልከቱ

ቀጥ ብሎ ሲሮጥ ያለውን ፍጥነት ብቻ መለካት ተመልካችን የሚያሳስት ነገር ነው። ተከላካይ የሥራውን ጊዜ ብዙውን የሚያሳልፈው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ፣ እየዞረና እየቆመ ነው። ሦስት ነገር ይጻፉ።

አንደኛ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ሳለ አጥቂው በጎኑ ሲያልፍ ወደ ፊት እንዴት ይዞራል? ዳሌው በአንድ ጊዜ ተከፍቶ ከዞረ ፍጥነቱ አይሰበርም፤ መጀመሪያ ቆሞ ከዚያ ከዞረ አጥቂው አልፎታል። ሁለተኛ፣ ወደ ሁለቱም ጎን እኩል ይዞራል? ብዙ ልጆች አንዱ ጎናቸው ደካማ ነው፤ ጎበዝ ተጋጣሚ በሁለተኛው ሙከራው ያገኘዋል። ሦስተኛ፣ ከቆመበት ሲነሣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎቹ እንዴት ናቸው? ወደ ማዕዘኑ ለተጣለ ፐክ ቀድሞ የሚደርሰው በነዚህ እርምጃዎች ነው።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ ደግመው ይዩት። ሲደክመው ጉልበቱ መታጠፍ ትቶ ቀጥ ብሎ ከቆመ የጎደለው አቅም ነው፤ አቅም ደግሞ የሚጨመር ነገር ነው። ገና ሳይደክመው አዟዟሩ ከተበላሸ ግን ችግሩ የቴክኒክ ስለሆነ የበለጠ ያሳስባል።

5. ፊት ለፊት የሚመጣን አጥቂ እንዴት እንደሚቀበል ይቁጠሩ

የደብተርዎን ገጽ ለሁለት ይክፈሉ። ተጋጣሚ ፐክ ይዞ በልጁ በኩል ወደ ሰማያዊው መስመር በመጣ ቁጥር ውጤቱን ይመዝግቡ፦ በግራ በኩል «ይዞ ገባ»፣ በቀኝ በኩል «ተነጠቀ ወይም ጥሎ ለመሮጥ ተገደደ»። በሦስት ጨዋታ ውስጥ የሚሰበሰበው ምልክት ከማንኛውም አስተያየት የበለጠ ይነግርዎታል።

ከቁጥሩ ጋር ምክንያቱን ይያዙ። ጥሩ ተከላካይ መስመሩ ላይ ሲደርስ ከአጥቂው የሚርቀው የአንድ ዱላ ርዝመት ያህል ነው። ከዚህ በላይ ከራቀ አጥቂው እንደልቡ ያስባል፤ ከተጠጋ ደግሞ በአንድ እንቅስቃሴ ይታለፋል። ርቀቱን መጠበቅ የሚጀምረው ግን ከመስመሩ ሳይሆን ከመሃል ሜዳ ነው፤ ቀድሞ ያነበበ ልጅ ቀድሞ ይጠጋል። ሁልጊዜ ወደ ግቡ የሚሸሽ ከሆነ እግሩን አያምንም ማለት ነው።

ዱላውንም ይዩ። ዱላው በረዶው ላይ ተዘርግቶ የማቀበያውን መስመር ይዘጋል ወይስ በሁለት እጁ ወገቡ ላይ ተይዟል? ጃኮብ ስላቪን በ2012 በአራተኛው ዙር በ120ኛነት በካሮላይና የተመረጠ ነው። ሌዲ ቢንግ የተባለውን፣ ችሎታን ከጨዋነት ጋር ላጣመረ ተጫዋች የሚሰጠውን ሽልማት በ2021 እና በ2024 አግኝቷል። ተከላካይ ይህን ሽልማት የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ እሱ ያገኘው አጥቂን ሳይጎትትና ሳይጠልፍ በቦታ አያያዙና በዱላው ስለሚያቆም ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ኃይለኛ ግጭትን ከጥሩ መከላከል ጋር ማምታታት ነው። ልጁ አንዱን ግድግዳ ላይ ሲያጋጨው ስታዲየሙ ይነሣል፤ እርስዎ ግን ከግጭቱ በኋላ ፐኩ ማን ጋ እንደሄደ ይመዝግቡ። ለመግጨት ብሎ ቦታውን ከለቀቀና ተጋጣሚው ሁለት ለአንድ ሆኖ ከመጣ ያ ጭብጨባ ኪሳራ ነው።

6. ፐኩን ከኋላ ሲያነሣ ይከታተሉ

ብዙ የመጨረሻ ዙር ተከላካዮች የሚወድቁት ወይም የሚነሡት እዚህ ነው። ተጋጣሚ ፐኩን ወደ ማዕዘን ጥሎ አጥቂ ያስከትላል፤ ልጁ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ሊያነሣው ይሮጣል። ፐኩ ጋ ከመድረሱ በፊት በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ስንት ጊዜ ዘወር ብሎ አየ? ሁለት ጊዜ ያየ ልጅ የሚያደርገውን ወስኖ ይደርሳል። አንድም ጊዜ ያላየ ከደረሰ በኋላ ነው የሚያስበው፤ ያኔ ደግሞ ተጋጣሚው አጠገቡ ነው።

በዚህም ላይ ሦስት ዓምድ ያብጁ፦ «ለጓደኛው ደረሰ»፣ «ወጣ ግን ለማንም አልደረሰም»፣ «ተነጠቀ»። ሁለተኛው ዓምድ ከሞላ ልጁ በግድግዳው ላይ ዝም ብሎ ይጥላል ማለት ነው፤ ከአደጋ ያድናል፣ ቡድኑ ግን ፐኩን መልሶ ያጣል። አሠልጣኙ እንዲህ እንዲጫወት አዝዞት ሊሆን ስለሚችል ሌሎቹ የቡድኑ ተከላካዮችም እንደዚያው ያደርጉ እንደሆነ ያጣሩ። ሦስተኛው ዓምድ ሲሞላ ደግሞ መቼ እንደሚሞላ ይዩ፦ በሚጣደፉ ተጋጣሚዎች ፊት ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ?

የሜዳውን ስፋት ከግምት ያስገቡ። የኤንኤችኤል ሜዳ 26 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በአውሮፓ ብዙ ሜዳዎች 30 ሜትር ይደርሳሉ። በሰፊው ሜዳ አሳዳጁ ትንሽ ይዘገያል፤ ተከላካዩ ለማሰብ ፋታ ያገኛል። ስለዚህ በሰፊ ሜዳ ላይ ተረጋግቶ የሚያቀብል ልጅ በጠባቡም ተረጋግቶ ያቀብላል ብለው ወዲያው አይደምድሙ። ጥድፊያ የበዛባቸውን ጨዋታዎች ፈልገው ያንን ብቻ ደግመው ይዩ።

7. ቁጥሩን ከዚያ በኋላ ይክፈቱ

ቁጥር ቀድሞ ከታየ ዓይንን ይመራል፤ ስለዚህ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ሲከፍቱት ነጥቡን ለሁለት ይክፈሉ፦ እኩል ለእኩል ሲጫወቱ የተገኘና ተጋጣሚ በቅጣት አንድ ሰው ጎድሎት ሳለ የተገኘ። ኤንኤችኤል ውስጥ በዚህ የቁጥር ብልጫ ጊዜ ብዙ ቡድኖች በአንድ ምድብ የሚያሰልፉት አንድ ተከላካይ ነው። ቦታው የኮከቦች ነው። የልጁ ነጥብ በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ከሆነ «ይህ ቦታ ባይሰጠው ምን ይቀራል?» ብለው ይጠይቁ።

ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ከትልልቆች ጋር የሚጫወት የስዊድን ወይም የፊንላንድ ልጅ በጨዋታ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ነጥቡ ማነሱ አይገርምም፤ በዚያ ዕድሜ መሰለፉ ራሱ ማስረጃ ነው። የየሊጉን ነጥብ ወደ ኤንኤችኤል ሚዛን የሚቀይሩ ስሌቶች አሉ፤ ይረዳሉ፣ ግን የሚለኩት ማጥቃትን ስለሆነ ለመከላከል ለተመረጠ ልጅ ብዙ አይናገሩም።

«በሜዳ ሳለ የተቆጠረና የገባበት» የሚለው ቁጥር በቡድኑና በግብ ጠባቂው ይወሰናል፤ ብቻውን አይመኑት። ከሱ ይልቅ የአሠልጣኙ እምነት የሚታይበትን ይፈልጉ፦ ቡድኑ በአንድ ግብ ሲመራና ሁለት ደቂቃ ሲቀር ልጁ በረዶው ላይ ነው? በቅጣት ሰው ሲጎድልስ ይላካል?

8. ያለውን መንገድና ጊዜ ያስሉ

ጎበዝ ልጅ መንገድ ካጣ ይቀራል። የመረጠው ቡድን መብቱን የሚይዘው ለተወሰነ ጊዜ ነው። በቀድሞው ደንብ ከካናዳ ጁኒየር ሊጎች የተመረጠ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ መፈረም ነበረበት፤ ከአውሮፓ ለተመረጠው አራት ዓመት ይሰጥ ነበር፤ የአሜሪካ ኮሌጅ የገባም ረዘም ያለ ጊዜ ያገኝ ነበር። በ2025 የጸደቀው አዲሱ የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት ከ2026 ጀምሮ ስለሚሠራ ልጁ በየትኛው ደንብ ሥር እንደሆነ ያረጋግጡ። የካናዳ ጁኒየር ተጫዋቾችም ከኦገስት 2025 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ መግባት ተፈቅዶላቸዋል። ዝግ ብሎ ለሚያድግ ተከላካይ ይህ ትልቅ ዕፎይታ ነው።

ቀጥሎ ቡድኑን ይዩ። አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው 50 የተጫዋች ውል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሰባተኛ ዙር ልጅ ሲፈርም የሌላውን ቦታ ይወስዳል። በልጁ እጅ የሚጫወቱ፣ ከ24 ዓመት በታች የሆኑ ስንት ተከላካዮች አሉ? አምስት ካሉ ወረፋው ረጅም ነው።

የመረጠው ቡድን መተዉ ግን የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ጄክ መዚን በ2007 በአምስተኛው ዙር በፒትስበርግ ተመርጦ ሳይፈርም ቀረ፤ በ2010 ሎስ አንጀለስ አስፈረመው፤ በ2014 ከቡድኑ ጋር የስታንሊ ዋንጫ አነሣ። ጉስታቭ ፎርስሊንግ በ2014 በ126ኛነት በቫንኩቨር ተመርጦ በሌሎች ሁለት ቡድኖች ካለፈ በኋላ በ2021 ካሮላይና ከዝርዝሩ ሲለቀው ፍሎሪዳ ያለ ምንም ልውውጥ ወሰደው። በ2024 እና በ2025 ዋንጫ ሲያነሣ ከቡድኑ ዋና ተከላካዮች አንዱ ነበር።

9. ፍርድዎን በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ከዚህ በላይ ከረዘመ አልወሰኑም ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንድ አሠልጣኝ ልጁን ለምን ሥራ እንደሚያሰልፈው ይናገራል። ሁለተኛው የዘገየበትን ምክንያትና ይታረም እንደሆነ ይገልጻል። ሦስተኛው በሚቀጥለው ዓመት ምን ማየት እንዳለብዎ ያስቀምጣል።

ለናሙና ያህል፦ «በቅጣት ሰው ሲጎድል የሚላክ፣ ዱላው ረጅምና ትዕግሥተኛ የሆነ ቀኝ እጅ ተከላካይ ነው። የዘገየው በግራ ጎኑ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ነው፤ ንባቡ ጥሩ ስለሆነና ገና አካሉ ስላልጠነከረ ይሻሻላል ብዬ እገምታለሁ። በመጪው ዓመት ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር በሁለተኛው ጥንድ መሰለፍና ከሚያነሣቸው ፐኮች ብዙዎቹን ለጓደኛው ማድረስ አለበት።»

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር የሚለካ ይሁን። «መሻሻል አለበት» ብቻ ካሉ በሚቀጥለው ዓመት ያዩት ሁሉ ትክክል ያደርግዎታል፤ ምንም አይማሩበትም።

ፍርዱንም አያስቸኩሉት። ተከላካይ ከአጥቂ ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ዴቨን ቴውስ በ2014 በ20 ዓመቱ በአራተኛው ዙር ተመርጦ የመጀመሪያውን የኤንኤችኤል ጨዋታ ያደረገው በዲሴምበር 2018 ነው፤ በ2022 ከኮሎራዶ ጋር ዋንጫ ወሰደ። የሚከታተሉት ልጅ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት በትከሻው ላይ ዞር ብሎ ማየቱም፣ ርቀት አጠባበቁም፣ የሚሰጠው ደቂቃም ንቅንቅ ካላለ ግን ስሙን ከዝርዝርዎ ለማውጣት አያመንቱ።

ወረቀቱ ላይ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት። ከዓመት በኋላ ሌሎች ሦስት ጨዋታዎች አይተው ዓምዶቹን ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ የተሳሳቱበትን ነጥብም ያስምሩበት። ለሚቀጥለው የመጨረሻ ዙር ልጅ ዓይንዎን የሚያሠለጥነው ያ መስመር ነው።